«እሺ ጌታዬ»

ሰውዬው ከፋብሪካው ደረጃ ሥር ተዘርሮ ሲገኝ የፍርድ ቤቱ የአፈጻጸም ትእዛዝ በደረት ኪሱ ነበር። የጉዳት ካሳ ይከፈለው ተብሎ ከተፈረደለት ሁለት ዓመት ሞልቶታል፤ ፋብሪካው ግን በይግባኝ እያጓተተ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ተቀምጧል። የዚያን ዕለት ጠዋት የፍርድ ቤቱ አስፈጻሚ መጥቶ የሽመና ማሽኖቹን ሊያሽግ ቀጠሮ ነበረው።

መርማሪዋ ተንበርክካ ሬሳውን መረመረች። ደረጃው በውሃ ርሷል፤ የሟች ኮትና የጫማው ሶል ግን ደረቅ አቧራ እንደለበሱ ናቸው።

«ደረጃውን የወለወልሽው አንቺ ነሽ?» አለቻት ጽዳት ሠራተኛዋን።

«ኧረ ገና ነኝ! ባልዲዬ ከቦታው ጠፍቶ እሱን ስፈልግ ነው ሰው ወደቀ የተባለው።»

ጥበቃው ፎቅ ላይ የነበሩት አራት ሸማኔ ልጆች፣ ፈረቃ መሪውና ሥራ አስኪያጁ ብቻ እንደሆኑ ተናገረ። ፈረቃ መሪው እጁን አራገፈ። «እኔ ከማሽኔ አልተለየሁም፤ አራቱን ልጆች ጠይቂያቸው። ደግሞ እዚያ ጫጫታ ውስጥ ማን ምን ይሰማል?» ልጆቹም ይህንኑ መሰከሩ።

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን በጨው አጥቦ ቀረበ።

«እኔማ ከኋላው ሆኜ ‹ወንድሜ፣ ያዳልጣል፣ ተጠንቀቅ› ብዬው ነበር። ዞር እንኳ ሳይል ‹እሺ ጌታዬ› ብሎኝ ወረደ። ምን ላድርግ?»

የሟች ሚስት አላለቀሰችም፤ ንዴቱ እንባዋን አድርቆታል። «ሁለት ዓመት ችሎት ያመላለሱን እነሱ ናቸው፤ ዳኛው የሚሉትን መዳፉ ላይ በጣቴ እየጻፍኩ ነበር የማስረዳው» አለች።

መርማሪዋ ሁሉንም ደረጃው ሥር ሰበሰበቻቸውና ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች።

«ውሃው የፈሰሰው ሰውዬው ከወደቀ በኋላ ነው፤ ሶሉ ደረቅ ነው። በባልዲው ከላይ የደፋው ፎቅ ላይ የነበረ ሰው ነው፤ ፈረቃ መሪውና አራቱ ልጆች ደግሞ አንዱ ለሌላው ምስክር ናቸው። የቀሩት እርስዎ ነዎት።»

«እሺ ብሎኛል እኮ!»

ትእዛዙን ከፍታ ጮክ ብላ አነበበች። «‹በማሽን ጩኸት የሁለቱንም ጆሮዎቹን መስማት ሙሉ በሙሉ በማጣቱ…› ጀርባውን የሰጠ ደንቆሮ ነው እሺ ጌታዬ ያለዎት?»

«ያስመስላል እንጂ ይሰማ ነበር! ሦስት ችሎት ተከራክረናል!»

«ሦስቱም አላመኑዎትም። አራተኛዋ እኔ ነኝ።»

ሥራ አስኪያጁ በቀጠሮው ወደ ደረሰው አስፈጻሚ ዞረ። «ለማንኛውም ባለመብቱ ሞቷል፤ ዶሴው ይዘጋል» አለ።

ለካ የገፈተረው ለዚህ ነው! በሩ ላይ የቆመው አስፈጻሚ ማኅተሙን ከቦርሳው አወጣ። «አይዘጋም። ወራሽ ይተካል» ብሎ ወደ ፎቅ ወጣ።

ማሽኖቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። ሚስቱ ባሏ አጠገብ ተቀመጠች፤ እንደ ልማዷ እጁን ገልብጣ መዳፉ ላይ «ቆመ» ብላ ጻፈችለት።