ከሕሊና ጥፍር ሥር

ሕሊና የሞተችው መድኃኒቷ ፊት ነው። ጠዋት ሲያገኟት ዶርሙ ኮሪደር ላይ ካለችው፣ ብር ሲገባባት መድኃኒት ከምትጥለው መሸጫ ማሽን ሥር ተጠቅልላ ነበር፤ ብሯን እንደጨበጠች።

ኢንስፔክተር የሺወርቅ ከደባርቅ ከተማ ጫፍ ካለው ኮሌጅ ስትደርስ ዲኑ አቶ አለምነህ ደሙ ፈልቶ ጠበቃት።

«ድሮም ብያለሁ! መድኃኒት በማሽን ይሸጣል? ይኸው ገደለቻት! ትነሳልኛለች!»

«ኧረ ቲቸር ይተዉ!» አለች የትናየት፣ የሟቿ የዶርም ጓደኛ፣ ዓይኗ አብጦ። «የከተማው ፋርማሲ ዋጋ አይቀመስም። እኛ ከመካነ ብርሃን ገጠር የመጣን ልጆች ሞዴስ እንኳ ከዚህች ነው የምንገዛው። እኔም እንደሷ አስም አለብኝ። ፓፌን ከየት ላምጣ?»

የሺወርቅ ብር አስገባች። አስም ሲነሳ አፍ ውስጥ የሚነፋው ፓፍ ዱብ አለላት። ማሽኗ ደህና ናት። ታዲያ ልጅቷ ብር ይዛ፣ መድኃኒቱ በመስታወት እየታያት ለምን ሞተች?

«መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«ኧረ ሲበራ ነው ያደረው» አለ ዘበኛው ገዱ። «እኔ ግን ውጭ በሩ ላይ ነበርኩ።»

«አንቺስ፣ የትናየት?»

«ለንግሡ ዳባት፣ አክስቴ ጋ። ሁሉም ለንግሡ ሄዶ ፎቁ ባዶ ነበር።»

የዶርሙ ተቆጣጣሪ ፕሮክተሯ እሌኒ ሳትጠየቅ ገባችበት። «እኔ ምንም አልሰማሁም! አባ መልከ ጼዴቅ ዶርሙን ጸበል ረጭተው ሲሄዱ ተከትያቸው ለዋዜማው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ እዚያው አደርኩ።»

የሺወርቅ የሟቿን ጣቶች ገልጣ አየች። ከጥፍሯ ሥር አረንጓዴ ቀለም አለ። ማሽኗ ደግሞ ፊቷ መስታወት፣ ጎኗ ነጭ።

«ጋሼ ገዱ፣ እስቲ ከግድግዳው ይሳቧት።»

«ብቻዬን? ሁለት ሰው ነው እኮ የሚያነቃንቃት!»

«ጥሩ ነገሩኝ» አለችና አብራው ሳበች። የማሽኗ ጀርባ አረንጓዴ ነው። ከታች በኩል በጥፍር ተቧጥጧል።

አባ መልከ ጼዴቅን አስጠርታ ሁሉንም እዚያው ኮሪደር ላይ ሰበሰበች።

«የማሽኗ ጀርባ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሕሊና ጣቷን በየት ታስገባለች? ስትሞት ፊት ለፊቷ የነበረው የማሽኗ ጀርባ ነው። መስታወቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ ነበር። ለምን? ማታ ቄስ መጥተዋል፤ መስታወቱ ውስጥ ደግሞ ከፓፉ ጎን ኮንዶም አለ። ለማዞር ሁለት ሰው ይፈልጋል። ጠዋት ሬሳ አጠገብ ቆሞ ለመመለስም ሁለት ሰው። ማታም ጠዋትም እዚህ የነበሩት ደግሞ እሌኒና ጋሼ ገዱ ናቸው።»

ገዱ አቀረቀረ። እሌኒ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «አባ እንዳያዩት አፍሬ ነው! ከንግሡ ስመለስ አዞራታለሁ ብዬ… ስመለስ ወድቃ አገኘኋት!»

አባ መልከ ጼዴቅ ወደ እሌኒ ዞሩ። «አይ ልጄ! የሕሊና የንስሐ አባት እኮ ነኝ። ጸበሉንም ጠጪ፣ መድኃኒቱንም ከማሽኗ ግዢ ያልኳት እኔው ነኝ። ማሽኗ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውቃለሁ። ምኑን ነው የምትደብቂኝ?»



የሺወርቅ ወደ ዲኑ ዞረች። «ማሽኗ አልገደለችም። ለልጆቹ ትቆይላቸው።»

«ሬሳ የወጣባት ማሽን? ሰው ምን ይለኛል!»

እሌኒንና ገዱን ይዛ መሄድ ትችላለች። ማሽኗን ማስቀረት ግን አትችልም። ቅድም የወደቀላትን ፓፍ የትናየት እጅ ላይ አስቀመጠች።

«ይሄ ሲያልቅስ?» አለቻት ልጅቷ።

የሺወርቅ እሌኒንና ገዱን ይዛ ወጣች።

ሕሊና በተቀበረች ማግስት የዲኑ ሰዎች ማሽኗን አይሱዙ ላይ ጫኗት። መንገድ ላይ ሰው እንዳያየው ብለው መስታወቱን ወደ ውስጥ አዞሩት።