የአክስት ፔታ አውራ ጣት

አንድ ወረቀት ስንት ዓመት ቢነካካ ነው የሰው ጣት ቅርጽ የሚይዘው? ሲሊያ አታውቅም። የምታውቀው አዲሱን የመዝሙር ታብሌት ባሕር ውስጥ ልትወረውረው ምንም እንዳልቀራት ብቻ ነው።

«አ—» ብለው አሥራ ሁለቱ ዘማሪዎች ቆም አሉና ትንፋሽ ሳቡ። «—ቱዋ!» አቱዋ፣ በሳሞኛ የእግዚአብሔር ስም፣ ለሁለት ተሰነጠቀ።

«እግዜርን ገመስነው እኮ!» እማማ ፌአጋይ በሳቅ ፍርስ አሉ። «እኔ ምን ላድርግ ልጄ? እድፉ እዚህ ጋ ተንፍሱ ይላል።»

እውነታቸውን ነው። በመንደሩ የመዝሙር መጽሐፍ ላይ የመተንፈሻ ምልክት ተጽፎ አያውቅም። የድሮዋ የመዘምራን መሪ አክስት ፔታ ፀጉሯን የኮኮናት ዘይት ትቀባና መተንፈሻው ቃል ላይ አውራ ጣቷን ታሳርፍ ነበር። በሠላሳ ዓመት ዘይቱ ወረቀቱን አወይቦ ክብ ክብ ቦታ አወጣበት። ፔታ ከሞተች በኋላም ሴቶቹ ክቦቹን እያዩ ይተነፍሱ ነበር። ካደገችበት ከባሕር ማዶ ከተማ ከኦክላንድ ከተመለሰች ገና ሁለት ዓመት የሆናትና ሳሞኛ ስትናገር የምትንተባተበው ሲሊያም መዝሙሩን የተማረችው በእነዚሁ ክቦች ነው። እሑድ የምትመራውም እሷ ናት።

መጽሐፉን ምስጥ መብላት ሲጀምር፣ ፎቶ አንስቶ ታብሌት ላይ ጭኖ እንዲልክላቸው ኦክላንድ ላለው ለአጎቷ ልጅ ለኢዮአኔ ላኩለት።

ሲሊያ ልምምዱን አቋርጣ ወደ ውጭ ወጣችና ደወለችለት። «ይሄ እድፍ ከየት መጣ?»

«አሪፍ አይደል? መጀመሪያ ቆሻሻውን በሙሉ አጠፋሁት። ከዛ ነጭ በነጭ ሲሆን ደበረኝ። ‹አሮጌ› የሚል ቁልፍ አለ፤ ስትጫኚው ራሱ እድፍ ይረጭበታል። መቶ ዓመት የሞላው አይመስልም?»

«ቆሻሻ አልነበረም! የፔታ ጣት ነው ያጠፋኸው!»

«አታካብጂ፣ ቅባት ነው እኮ።»

«እዚያ ማደግህ ያስታውቃል።»

«አንቺስ የት ነው ያደግሽው?» ብሎ ሳቀ።

ሲሊያ ይህን አልፋ ጠየቀች፦ «መጽሐፉስ?»

ሳቁን አቆመ። «ምስጥ ነበረው፣ ሲሊ። እማዬ ቤት አታስገባው አለችኝ፤ ጣልኩት።» ስልኩን ዘጋው።

ሲሊያ ተመልሳ ገባች። የውሸቱን እድፍ አንድ በአንድ አጠፋች።

«ከመጀመሪያው እንበል» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ታብሌቱን አትዩ። ዓይናችሁን ጨፍኑ።»

ዘመሩ። አቱዋ ሳይሰነጠቅ አለፈ። እነሱ በተነፈሱበት ቦታ ሁሉ፣ ሲሊያ ታብሌቱ ካለው ቀለም በጣም ፈዛዛውን መርጣ በአውራ ጣቷ ነካ አደረገች።

እማማ ፌአጋይ ጎንበስ ብለው አዩ። «ምንም አይታይም እኮ።»

«ገና አንዴ ነዋ የዘመርነው።»

ከልምምዱ በኋላ ለኢዮአኔ ጻፈችለት፦ «የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች ላክልኝ። ሳታጸዳቸው፣ ከነቅባታቸው።»

መልእክቱ መነበቡን ስልኳ አሳያት። እሑድ መጣ፤ ዘመሩ። ሌላም እሑድ መጣ። ሲሊያ በዘመሩ ቁጥር ደግማ የምትነካቸው ክቦች ገጹ ላይ ጠቆር ማለት ጀመሩ። ከኢዮአኔ ግን መልስ አልመጣም።