አልጠፋ ያለው የጋሼ ሰይድ መስመር

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ስለ ጂን ሲወራ እንኳ ከሚስቁት አንዷ ነበርኩ፣ ሥራዬ ከማሽን ጋር ነዋ፣ ማሽን ደግሞ የታዘዘውን ብቻ ነው የሚሠራው፣ ከተበላሸም አንድ ሰው አበላሽቶት ነው። ይሄን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ እንዳትታዘቡኝ ነው።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ገበሬውን ከጎርፍ የሚያስጠነቅቅ ትንሽ ቢሮ አለ፣ ዋናውን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። እኛ ቆላ ፀሐይ እያቃጠለን ደጋው ላይ ይዘንባል፣ ውሃው ሳይታሰብ ይወርዳል፣ ስለዚህ ከላይ ወንዙ ዳር የሚኖሩ ጠባቂዎች ውሃው ሲሞላ በስልክ አጭር መልእክት ይልካሉ፣ ሰርቨሩ ተቀብሎ ታች ላሉት ያሰራጨዋል። እያንዳንዱ ጠባቂ በአንድ ፋይል ውስጥ የራሱ መስመር አለው፣ ስልክ ቁጥሩ፣ መልእክቱ ገብቶ ተራ የሚጠብቅበት ሳጥን፣ እኛ ወረፋ የምንለው፣ ስሙ፣ ለማን እንደሚተላለፍ። ስክሪፕት የምንለውን አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ ሳስኬደው ሰርቨሩ ፋይሉን አንብቦ ወረፋዎቹን ይሠራል፣ መስመር ካጠፋሁ ወረፋውም ይጠፋል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።

ጋሼ ሰይድ ከጠባቂዎቹ አንዱ ነበሩ፣ ቀወት ውስጥ ማሽላ የሚያርሱ ሽማግሌ። ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ወንዙ ውስጥ ተክለንላቸው ነበር፣ እሳቸው ግን አያምኑትም፣ ዳር ላይ ገብተው በራሳቸው ገላ ነው የሚለኩት፣ «ጉልበት»፣ «ወገብ» እያሉ ይልኩልኛል፣ እኔም እስቅ ነበር። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ወሰዳቸው። አስከሬናቸው በሁለተኛው ቀን ተገኘ፣ ስልካቸውን ውሃው ይዞት ሄደ። የዚያን ቀን ከእሳቸው አንድም መልእክት ስላልመጣ የታችኞቹ ከብት አለቀ፣ ለቅሶው ላይ ሳይቀር ሰይድ ተኝቶ ነው ያስፈጀን ሲባል ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማ በጆሯቸው ሰምተዋል።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ አለቃዬ የሟቹን መስመር አጥፊው አለኝ። ቀኑ ጁምዓ ነበር፣ ወንዶቹ መስጊድ ሄደው ቢሮው ውስጥ ብቻዬን ነኝ፣ ማራገቢያው ያንኑ የጋለ አየር ያዞረዋል። መስመሩን አጠፋሁ፣ ስክሪፕቱን አስኬድኩ፣ ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሳሁ፣ ዝርዝሩን ሳይ የጋሼ ሰይድ ወረፋ እዚያው አለ። ሴቭ ሳላደርግ ቀርቼ ይሆናል ብዬ ፋይሉን ከፈትኩ፣ መስመሩ ቦታው ላይ ነው። እንደገና አጠፋሁ፣ ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካው ፋይሉን ቆለፍኩት፣ ተመለሰ። ወላሂ ሦስት ጊዜ።

ሦስተኛው ላይ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የመሞከሪያ ስልክ ጢን አለ፣ ወረፋው ውስጥ የገባ የጠባቂዎች መልእክት ሁሉ ቅጂው የሚደርሰው እዚያ ላይ ነው። «ጉልበት» ይላል። ላኪው የጋሼ ሰይድ ቁጥር ነው።

የድሮ መልእክት ተቀርቅሮ ቆይቶ አሁን ለቀቀ አልኩ፣ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል፣ ግን ሰርቨሩ የመዘገበው የተላከበት ሰዓት የዚያኑ ቀን፣ የዚያችኑ ደቂቃ ነው። ቁጥሩ ላይ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሳ «ወገብ» መጣ።

የእትዬ ፋጡማ ቤት ወንዙ ዳር ነው፣ ደወልኩላቸውና ውሃ መጥቷል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ምን ውሃ አለ፣ አሸዋ ነው፣ ፍየሎቹ መሃሉ ላይ ተኝተዋል አሉኝ። ከዚያ ለምን እንደጠየቅኩ ማወቅ ፈለጉ፣ ልዋሽ ነበር፣ አልሆነልኝም፣ ነገርኳቸው። ይጮሃሉ ወይም ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣

«አሁን የት ደርሷል?» አሉኝ።

የመሞከሪያውን ስልክ አየሁ። «ደረት» የሚል ሳላየው ገብቷል፣ ከሥሩ ሌላ አለ።

«አንገት» አልኳቸው።

«ውጣ በዪው ልጄ። ሰምተናል፣ ውጣ በዪው።»

«ጋሼ ሰምተናል፣ ይውጡ» ብዬ ጻፍኩና ላክኩ፣ ከጎኑ «ደርሷል» የሚለው ምልክት መጣ፣ ለዝግ ስልክ እንዲህ አይልም፣ ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ ምንም አልገባም።

አለቃዬ ከስግደት ሲመለስ የተቀረቀረ መልእክት ነው አለኝ፣ ሰዓቱን ሳሳየው የሰርቨሩ ሰዓት ተዛብቶ ይሆናል ብሎ ወደ ራሱ ክፍል ገባ። እኔ ግን አላስችል አለኝና የባለፈውን ክረምት ፋይል ቅጂ ፈልጌ ከፈትኩ። ጎርፉ ከመምጣቱ ሁለት ቀን በፊት ፋይሉን የነካሁት እኔ ነበርኩ፣ የጋሼ ሰይድ ወረፋ ስም ላይ አንድ ፊደል ገድፌያለሁ። በኋላ ፋይሉ በአዲስ ሲተካ ስህተቱ ሳይታወቅ አብሮ ጠፍቷል። እንግዲህ እሳቸው የዚያን ቀን ውሃው ውስጥ ቆመው ቢልኩም፣ እስከ አንገታቸው ቢልኩም፣ መልእክቱ ማንም ወደማያነበው ቦታ ነበር የሚሄደው።

ይሄን ለአለቃዬ አልነገርኩትም። ለእትዬ ፋጡማም አልነገርኳቸውም፣ ስንት ጊዜ ልናገር ብዬ አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል፣ ስነግር እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ። መስመሩንም ዳግመኛ አልነካሁትም።

እትዬ ፋጡማ በየጁምዓው በዚያችው ሰዓት ይደውሉልኛል። ሰላምታ አያበዙም፣ «ወጣ?» ብቻ ይሉኛል፣ እኔም ከመመለሴ በፊት ያንን የመሞከሪያ ስልክ አየዋለሁ።