የአዴር አደን ጃርቶች

ፈትሂያ እሾሁን በሻይ ማጥለያ እየለቀመች ነው። ከመስታወቱ ገንዳ ወለል፣ ከአሸዋው ላይ፣ ጥቁር ጥቁሩን። የባሕር ጃርት ሲሞት እሾሁ ይረግፍና መላጣ ሆኖ ይቀራል። ከአምስቱ ሦስቱ መላጣ ሆነዋል። አንደኛው በሕይወት ሳለ የጠርሙስ ክዳን ጀርባው ላይ ጭኖ ድንጋይ ለድንጋይ የሚዞር ነበር፤ አዴር አደን በዋሄን ገበያ ተሸካሚዎች ስም «ኩሊው» ይሉት ነበር። ክዳኑ አሁን አጠገቡ ወድቋል።

አዴር ማለት አጎት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ይጠራቸዋል። ዕድሜያቸውን መርከብ ላይ ጨርሰው፣ እርጅና አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ሲያስቀምጣቸው ከባሕሩ ቆርሰው ሳሎናቸው አስገቡት። አማርኛውን በስደት ጊዜ ድሬዳዋ ነው የለመዱት፤ ከድሬ ከመጡት ጎረቤቶቻቸው ከእነፈትሂያ ጋርም ያቀራረባቸው እሱ ነው።

እህታቸው ሞተው ለለቅሶ በርበራ ሲወርዱ ገንዳውን ለፈትሂያ አደራ ሰጡ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የሚሰማ ጆሮም አላት። ሁለት ቢጫ ጀሪካን አሳዩዋት፤ በአንዱ የባሕር ውሃ፣ በሌላው የሚጠጣ ውሃ።

«በሙቀቱ ውሃው ይተናል፤ ጨው ግን የትም አይሄድም» አሏት። «የጎደለውን በሚጠጣው ሙዪ። በባሕሩ ከሞላሽው ጨው በጨው ላይ ይሆንና ያልቃሉ።»

ሦስት ጊዜ አስደገሟት። ደገመች።

ከዚያ የውሃ ቦቴው ሰፈሩን ረሳ። የጓደኛዋ የሆዶ እህት ሰርግ ደግሞ አልረሳም፤ በቀኑ መጣ። ቤት ውስጥ ለመጠጥ እንኳ ውሃ ጠፍቶ ነበርና ፈትሂያ የአዴርን የሚጠጣ ውሃ ጀሪካን አንስታ እስከ ጠብታው ፀጉሯን ታጠበችበት። ለሰርግ ታጥቦ መሄድ ወግ ነው። በአደራ ውሃ መታጠብ ግን ሌላ ስም አለው፤ ስሙን ታውቀዋለች። ገንዳው ሲጎድልባት ከባሕሩ ሞላች። አንድ ቀን ምን ያመጣል ብላ ጀመረች፤ አምስት ቀን ሆነ። ቦቴው የመጣ ዕለት ባዶውን ጀሪካን ሞልታ ቦታው መለሰችው።

አዴር አደን ትናንት ተመለሱ። ዛሬ ጠዋት ጨው መለኪያቸውን ነከሩና ወደ ብርሃን አዙረው ብዙ ቆዩ። ፈትሂያ በሩ ላይ ቆማ ጥያቄውን ጠበቀች። መልሱን ሌሊቱን ስታሰናዳ አድራለች፤ ጥሩ ውሸት ነበር። ጥያቄው ግን አልመጣም።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ልሄድ ስል ሞልቼው ነበር። ጀሪካኑን አሳስቻለሁ። ዓይኔ ሄዷል፣ ልጄ።»

እንዲያውም አመሰገኗት፤ ከበርበራ ያመጡላትን ሃልዋ ሰጧት። ይኸው እስካሁን ኪሷ ውስጥ ነው፤ አልጎረሰችውም። ተጠይቆ የሚዋሽ ሰው ቢያንስ ትንሽ ይደክማል። እሷ አፏን ዘግታ መቆም ብቻ በቃት።

ረፋዱ ላይ ልጃቸው ሮዳ መጣች። አባቷ ብቻቸውን መኖራቸው ስለሚያሰጋት ዓመት ሙሉ ወደ ቤቷ እንዲገቡ ስትለምናቸው ኖራለች። ቤቷ ጠባብ ስለሆነ ገንዳው አብሮ አይሄድም፤ እሳቸውም ያለ ገንዳው ንቅንቅ አልል ብለው ቆይተዋል። የሞቱትን አይታ ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን ከአፋቸው ስትሰማ አልጮኸችም። ዛሬ ጃርት ነው፣ ነገ ደግሞ ጋዝ ከፍተህ ትተኛለህ፤ ዛሬውኑ ቤቴ ትገባለህ አለቻቸው በሶማሊኛ።

አዴር አደን «እሺ» አሉ።

ሮዳ ራሷ ደነገጠች፤ ለክርክር ነበር የመጣችው። ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ብላ ባሏ ፒክአፑን ይዞ እንዲመጣ ስልክ መደወል ጀመረች። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ይጠርጋሉ፣ መልሰው ያደርጋሉ፣ ደግሞ ያወልቃሉ። በሕይወት ያሉት ሁለቱ ጃርቶች ድንጋይ ላይ ተለጥፈዋል።

ፈትሂያ ማታ ብቻቸውን ሲሆኑ እነግራቸዋለሁ አለች በልቧ። ማታ ግን እዚህ ቤት ማንም አይኖርም። ማጥለያውን ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ሮዳ፣ ስልኩን ዝጊው» አለች።

ሮዳ ዞራ በዓይኗ ገላመጠቻት፤ ስልኩ ወዲያ ማዶ እየጠራ ነው።

ፈትሂያ ከወንበሩ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። «አዴር፣ መነጽርዎን ይተዉት። ዓይንዎ ምንም አልሆነም።»

አዴር አደን እጃቸውን ገቱ። ከሮዳ ስልክ ውስጥ የወንድ ድምፅ «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል። ፈትሂያ ከቦቴው ጀምራ መናገር ጀመረች።