ያልተሞከረው ፍላሽ

«ይኼን ፍላሽ ማነው የነካካው?»

የልጅቷ አባት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሳ። መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ ኮምፒውተሩ አልነሳ ብሏል። የቤት ፕላን የሚነድፈው በእሱ ነው፤ ደንበኛው ደግሞ ዛሬ ሥራውን ሊረከብ ይመጣል። ፕላኖቹ ሁሉ በውጭ ዲስክ ላይ ተገልብጠው ተቀምጠዋል፤ እነሱን ለመመለስ ግን መጀመሪያ ኮምፒውተሩን በማስነሻው ፍላሽ ማስነሳት ያስፈልጋል። ፍላሹ ሲሰካ ስክሪኑ እንደጠቆረ ቀረ።

«ሽፋኑ ተሰንጥቆ አይቼ... እኔ ነኝ በሙጫ ያጣበቅኩት» አለ አጎቷ በሩ ላይ ቆሞ። የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው። ያገኘውን ዕቃ ሁሉ ፈትቶ ስለሚገጥም «ብሎን» ይሉታል። የጠገነውን ማንም አያነሳለትም፤ የተበላሸበትን ግን አንድም ቀን ረስተውለት አያውቁም።

«ታዲያስ! ሙጫህን ሆዱ ውስጥ አፍስሰህ ገደልከዋ! እጅህን ሰብስብ ስንቴ ልበልህ? ስምንተኛን ሳይጨርስ የኮምፒውተር ሐኪም!»

ብሎን ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም።

 ፍላሹን ማስነሻ አድርጋ ያዘጋጀችው ልጅቷ ናት። ያን ጊዜ አባቷ «ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ በእሱ ሳታስነሺ ጨረስኩ እንዳትዪኝ» ብሏት ነበር። ግን ጓደኛዋ ከውጭ እየጠራቻት ነበር። የማስነሻውን ፋይል እንደ ዘፈን ፍላሹ ላይ ገልብጣ ነቀለችው፤ ማስነሻ እንዲሆን አድርጎ የሚጽፈውን ፕሮግራም እንኳ አልከፈተችም። «ሞከርሽው?» ሲላት ጫማዋን እያሰረች «አዎ፣ ቀጥ ብሎ ተነሳ!» አለችው።

አጎቷ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ ስትሞክሪው ይሠራ ነበር አይደል፣ የኔ እናት?»

«እ... አዎ።»

«በቃ፣ እኔው ነኝ።» ሙጫ የደረቀበትን አውራ ጣቱን አገላብጦ አየ። «አብዝቼበት ይሆናል።»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ፍላሹን ከጠረጴዛው አንስታ ጓደኛዋ ቤት ሮጠች።

ጓደኛዋ ሁሉንም ሰምታ ሳቀች። «አታካብጂ! እዚህ ላፕቶፕ ላይ አስተካክለሽ ትጽፊዋለሽ፣ ሄደሽ ትሰኪዋለሽ፣ ይነሳል። ፋዘር ይደሰታል፣ አንቺ ጀግና ትሆኛለሽ። ማን ይጠይቅሻል?»

«ብሎንስ?»

«ይረሳዋላ!»

«መሳደቡን የሚረሳውስ አባቴ ነው፤ ብሎን አይረሳውም» አለች።

አሁን በፕሮግራሙ ጻፈችው። ከዚያ የጓደኛዋን ላፕቶፕ አጥፍታ በፍላሹ አስነሳችው። «ኧረ እንዳታበላሺብኝ!» እያለች ጓደኛዋ ስትጮህ የማስነሻው ገጽ ስክሪኑ ላይ ተዘረጋ። ያው ሙጫ የተቀባው ፍላሽ ነው። ምንም አልሆነም። ሥራውም ሻይ የሚፈላበትን ያህል ጊዜ እንኳ የማይፈጅ ነበር።

ቤት ስትደርስ ብሎን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ እየጠቀለለ ነው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ለእናትሽ ልሰጣት ነው፣ ትቆልፍባቸው። ከእንግዲህ የሰው ዕቃ አልነካም።» ቀና ብሎ አላያትም። «ለካ እስከ ዛሬ ታግሰውኛል።»

ከውስጥ የአባቷ ድምፅ ይሰማል፤ ስልክ ይዞ ደንበኛውን ይለማመጣል። ፍላሹ መዳፏ ውስጥ ነው። አሁን ገብታ ብትሰካው ቤቱ በአንዴ ሳቅ በሳቅ ይሆናል። በዚያ ሁሉ ደስታ መሃል ደግሞ ስለ ሙጫው የሚሰማት አይኖርም።

የአጎቷን ክንድ ያዘች። «ተነስ፣ አብረን እንግባ።»

«ተይኝ እስቲ፣ አባትሽ እንደሆነ...»

«ግድ የለህም፣ ና።»

ጥቅልሉን በብብቱ እንደያዘ እየጎተተች አስገባችው። አባቷ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ በእጁ «ውጡ» አላቸው። አልወጣችም። ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ፣ ከኮምፒውተሩ አርቃ አስቀመጠችው።

«አባዬ፣ ስልኩን ዝጋና ስማኝ» አለች። «ከመሰካቱ በፊት የምነግርህ አለ።»