ከወለል ላይ የተለቀሙ ፊደላት

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር መጨረሻ፣ ከመንግሥት ማተሚያ ቤት የሚወጣው ጩኸት በመንገድ ለሚያልፍ ሰው የመሣሪያ ድምፅ አይመስልም ነበር፤ አልነበረምም። መሣሪያው ከቆመ ሰንብቷል። የሚጮኹት ሁለት የተከበሩ ሰዎች ነበሩ፤ በመካከላቸውም የማተሚያ ቤቱ ሹም ባላምባራስ፣ ቀለም የጠገበ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ቆሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአዲሶቹ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ የንባብ መጽሐፍ እንዲታተም ታዟል፤ ግዕዝ፣ አማርኛና ትግርኛ የሚጻፉት በአንድ ፊደል ነውና ሦስቱም በአንድ ጥራዝ ይግቡ ተብሏል። በማተሚያ ቤቱ ያለው የእርሳስ ፊደል ግን ከብዙ ዘመን ሥራ የተነሣ አልቋል፤ የ«ሰ» አናት ተበልቶ «ለ» መስሏል፤ «ጠ»ም እግሯ ተሰብሮ ምን እንደሆነች አይታወቅም። ስለዚህ አዲስ ፊደል በባሕር ማዶ ተቀርጾ እንዲመጣ ትእዛዝ መላክ ነበረበት፤ መርከቡም በዚያው ሰሞን ይነሣል። የትኛው ፊደል ይታዘዝ? ጠቡ የተቀጣጠለው እዚህ ላይ ነው።

«ለአንድ ድምፅ አንድ ፊደል!» አሉ ብላታ። ብላታ በባሕር ማዶ ተምረው የተመለሱ፣ ትምህርት ቤቶቹን የሚመሩ፣ ቀጠን ያሉ ቸኳይ ሰው ናቸው። «ሦስት ‹ሀ›፣ ሁለት ‹ሰ›፣ ሁለት ‹አ›፣ ሁለት ‹ጸ› ለምን ይሆናል? ሕፃን ልጅ ምን በደለና ነው ለአንድ ድምፅ ሦስት ጊዜ የሚገረፈው?»

«በሠ ‹ሠረቀ› ማለት ወጣ ነው፤ በሰ ‹ሰረቀ› ማለት ግን ሌባ ሆነ ነው!» አሉ አለቃ፣ በከዘራቸው ወለሉን እየቀጠቀጡ። አለቃ የመጽሐፉ አራሚ፣ በግዕዝ ሊቅነታቸው የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። «ፀሐይ ወጣች ብለህ ልታስተምር ተነሥተህ ፀሐይን በሌብነት ልትከስሳት ነው!»

«አለቃ፣ እርስዎ ራስዎ በትናንቱ ወረቀት ‹ጸሐይ› ብለው በጸሎቱ ጸ አልጻፉም?»

«እኔ?»

«እርስዎ። በሦስተኛው መስመር።»

«እሱ የፊደል ለቃሚው ጥፋት ነው!»

የእርሳስ ፊደሉን እየለቀመ የሚደረድረው ሠራተኛ ከጥግ ሆኖ ወደ ባላምባራሱ አየ፤ ባላምባራሱም ዝም በል ብሎ በዓይኑ ጠቀሰው። የእጅ ጽሑፉን ባላምባራሱም አይቶታል፤ የአለቃ እጅ ነበር። ግን አለቃ የሚስቱ አባት ናቸው፤ ብላታ ደግሞ የበላይ ሹሙ። ከሁለቱ አንዱን ደፍሮ ቢናገር አንዱ ቤቱን፣ አንዱ ሹመቱን ያናጋበታል። ለመሆኑ እኔ ምን አጠፋሁ? ይል ነበር በልቡ። ወረቀት አለኝ፣ ቀለም አለኝ፣ ሠራተኛ አለኝ፤ የቸገረኝ የሁለት ሊቃውንት አፍ ብቻ!

ቤቱ ሲገባም ዕረፍት አላገኘም። ሚስቱ በደህናው ቀን «አንተ» ትለዋለች፤ ስትቆጣ ግን አንቱታ ታመጣለች።

«እርስዎ ባላምባራስ፣ ያ ጎረምሳ ብላታ አባቴን ሲያዋርደው ዝም ብለው አዩ አሉኝ።»

«ምን ልበል? አባትሽ ደግሞ ሰው ያዋርዱ የለም እንዴ?»

«እራትዎ ቀርቧል» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁለቱ ተመልሰው መጡ፤ ባላምባራሱም ነገር ለማብረድ ብሎ፣ «እስኪ ተደጋጋሚዎቹን በጥቂቱ ብናዝዝስ?» አለ። ይህን ባይል ይሻለው ነበር። ብላታ «ፍርሃት ነው!» አሉ፤ አለቃ «ክህደት ነው!» አሉ፤ ሁለቱ የተስማሙበት ነገር ቢኖር ባላምባራሱን መቆጣት ብቻ ሆነ። ከዚያ አለቃ «ይኸውልህ፣ እየው፣ ይህን ልትጥል!» ብለው የፊደሉን መሳቢያ ሲስቡ፣ ብላታም «ይተዉት ይሰበራል!» ብለው ከወዲያ ሲይዙት፣ መሳቢያው ከሁለቱም እጅ አምልጦ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። የግዕዙ፣ የአማርኛው፣ የትግርኛው ፊደል እንደ ፈሰሰ ጥሬ ከጠረጴዛ ሥር እስከ በሩ ተበተነ።



ባላምባራሱ ቀስ ብሎ ሄዶ በሩን ዘጋ። ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር። «ልቀሙ» አለ።

«ምን አልክ?» አሉ ብላታ።

«ልቀሙ አልኩ! ሁለታችሁም! ማንም ከዚህ አይወጣም! ፊደል እናውቃለን አላችሁ አይደል? እንግዲያው ለዩልኝ! አንዱ ቢጎድል፣ ትርፍ የተባለውም ቢሆን፣ ከእናንተ ነው የምቀበለው!»

እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ ምናልባትም ስለዚህ ታዘዙት። ብላታ ካፖርታቸውን አውልቀው ተንበረከኩ፤ አለቃም በከዘራቸው እየተደገፉ በግድ ተቀመጡ። የእርሳስ ፊደል ግልብጥ ሆኖ የሚቀረጽ ነውና ለብላታ ሁሉም ተምታታባቸው፤ የአለቃ ዓይን ደግሞ ደክሟል። «ይህ ምንድነው፣ ልጄ?» እያሉ አለቃ ለብላታ ያቀብሉ ጀመር፤ ብላታም ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞሩ፣ «‹ኀ› መሰለኝ፣ አባቴ» ይሉ ነበር። ባላምባራሱ ይህን ሰምቶ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል አፉን በክንዱ ሸፈነ፤ ንዴቱ ግን አልወጣለትም ነበር።

ሚስቱ የአባቷን ምሳ ይዛ በሩን ያንኳኳችው በዚህ መካከል ነው። ገብታ አየች፤ ምንም አልጠየቀችም፤ ነጠላዋን አጣፍታ ከአባቷ አጠገብ ተንበረከከች። ጥቂት እንደለቀመች አንድ ፊደል አንሥታ ለብላታ አሳየቻቸው።

«ይህም ከሚቀሩት ነው?»

«‹ዐ› ነው? አዎን፣ እመቤቴ። ከ‹አ› ጋር ድምፁ አንድ ነው።»

«በአማርኛ ነዋ። እናቴ ትግርኛ ተናጋሪ ነበረች። ‹ዓይነይ› ስትለኝ፣ ዓይኔ ማለቷ ነው፣ ከጉሮሮዋ ነበር የምታወጣው። ‹ሐ›ም እንደዚያው ነው። ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም።» ፊደሉን በመዳፏ ጨበጠችው። «እኔስ ልጻፈው ብል በምን ልጻፈው፣ ብላታ?»

አለቃ አንገታቸውን ደፉ፤ ስለ ሟች ሚስታቸው የሚያነሣ ሰው ከሰሙ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ነበር። ብላታ፣ «ለትግርኛው ሁለቱ ይቆዩ፤ ከአማርኛው ግን...» ሲሉ፣

«ከአማርኛውም አይወጣም!» አሉ አለቃ።

ባላምባራሱ ራሱም ሊለቅም ከተንበረከከበት ብድግ አለ። «በቃ! በስመ አብ፣ በቃችሁ! ሁሉም ይታዘዛል። አንድም አይቀር። ከዚያ ወዲያ ማን በየትኛው ይጽፋል የሚለውን እስክትሞቱ ተከራከሩ!»

ያንኑ ዕለት ትእዛዙን በራሱ ማኅተም አትሞ ወደ መርከቡ ላከ። ማታ ሚስቱ «እራትህ ቀርቧል» አለችው፤ አብራውም ቀረበች።

ብላታ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ትእዛዛቸው በበታች ሹም መጣሱን ሊያልፉት አልቻሉም። ወር ሳይሞላ ባላምባራሱ ከማተሚያ ቤቱ ተነሥቶ በአንድ የጠረፍ ኬላ ጉምሩክ ላይ ተሾመ፤ ሹመት የተባለው ለወጉ ነው። አዲሶቹ ፊደላት ሲደርሱ ሣጥናቸውን የከፈተው ሌላ ሰው ነበር። መጽሐፉም ታተመ። አለቃ ልጃቸውን ሊጠይቁ ኬላው ድረስ ሲሄዱ አንድ ቅጂ ይዘውለት ሄዱ፤ መቅድሙ፣ «ፊደላችን ሳይጓደል የታተመው በብላታ አስተዋይነትና በአለቃ ሊቅነት ነው» ይላል። ሚስቱ አንብባ ጦፈች፤ አንቱታዋም በዚያ ቀን ወደ አባቷ ዞረ። ባላምባራሱ ግን ገጾቹን እያገላበጠ የቀለሙን ጥራት መረመረ፤ «የገጹ ኅዳግ ጠብቧል» አለ።

ከዚያ ዘመን ወዲህ ብላቶች በአለቆች ላይ፣ አለቆች በብላቶች ላይ ስንት ጊዜ ተነሥተዋል፤ ክርክራቸው በጋዜጣ ወጥቷል፣ በጉባኤ ተነቧል፣ በድርሳን ተጠርዟል፤ ታሪክም የሁለቱን ወገን ቃል ሳያጓድል አስቀምጧል። በሁለቱ መካከል ቆሞ፣ በአንዱም ሳያምን፣ ሥራው እንዲያልቅ ብቻ ብሎ በተናደደ እጁ ማኅተም ያሳረፈውን ሰው ግን የትም ቦታ አልጻፈውም፤ ምናልባት ‹ማኅተም› በየትኛው «ሀ» እንደሚጻፍ ገና ስላልተስማሙ ይሆናል።