አንድም ተርብ አልሞተም

እጁ ላይ ካቴና የገባበት ሰውዬ ንጹህ ነበር እኮ! ንጹህ መሆኑን ደግሞ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ማሳየት ይችል ነበር። «ተርቦቹን እዩአቸው፣ አንድም አልሞተም» ቢል ያኔውኑ ይፈቱት ነበር። አላለም! አፉን ጥርቅም አድርጎ ዘጋና «ነፍሰ ገዳይ» እየተባለ ቁጭ አለ። ለምን ዝም እንዳለ ስትሰሙ አንጀታችሁን ነው የሚበላው፣ በእናቴ ሞት!

እሺ፣ ቀስ ብዬ ከመጀመሪያው።

ቀኑን ሙሉ ዝናብ ነበር፤ መብራትም ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። አመሻሽ ላይ ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ተደወለ። የነፍሳት ተመራማሪው፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ተርቤ» የሚላቸው ሰውዬ፣ አባጨጓሬ በሚያሳድጉባት ትንሽዬ ክፍል ጋደም እንዳሉ ሞተው ተገኙ።

ጉዳዩ የተሰጠው ለወንፊት ነው። ወንፊት መርማሪ ናት፤ እናቷ ያወጣችላትን ስም ጣቢያው ውስጥ የሚያስታውስ የለም። የሰው ወሬ እሷ ጋ ሲደርስ ይነፋል፤ ዱቄቱ ለብቻ፣ ገለባው ለብቻ። ከኋላዋ ወፍራሙ ሳጅን ቁና ቁና እየተነፈሰ ይከተላታል።

ክፍሏ ስትታይ ጉድ ነው! ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ሙሉ የፕላስቲክ ኩባያ። እያንዳንዱ ኩባያ አፉ ላይ ስስ ጨርቅ ተወጥሮ በላስቲክ ታስሯል። አልጋው ጥግ ላይ፣ ጋሽ ተርቤ ደግሞ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ለብሰው፣ ልክ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው። ፊታቸው ላይ ጭራሽ ወዛ ያለ ቅላት ነበረበት።

ያገኘቻቸው ልጃቸው ናት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ። በዩኒፎርሟ በሩ ላይ ቆማለች።

«ይሄ ሁሉ ኩባያ ምንድን ነው የኔ ልጅ?» አለቻት ወንፊት።

«የአባዬ ጥናት ነው። ጥገኛ ተርቦች። ተርቧ እንቁላሏን አባጨጓሬው ሆድ ውስጥ ትጥላለች። እሱ ምንም ሳያውቅ ይበላል፣ ይወፍራል። አንድ ቀን ቢራቢሮ ይወጣል ብላችሁ ስትጠብቁ ተርብ ይወጣል።»

«ኧረ ጉድ!» አለ ሳጅኑ ሆዱን ይዞ።

«ዓይነታቸው ብዙ ነው። አባዬ በአካባቢው ያለውን ተርብ ሁሉ፣ የቱ ከየትኛው አባጨጓሬ እንደሚወጣ እየለየ ነበር። ለዚህ ነው አንድ ኩባያ አንድ አባጨጓሬ። ሁለት ከሆኑ ተርቡ ከማን እንደወጣ በምን ይታወቃል?»

ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ በደንብ ያልተገጠመ ጠርሙስ ነበር። ነፍሳትን ለስብስብ ሲፈልጉ የሚገድሉበት ፈሳሽ ነው፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ሐኪሙ አስከሬኑን አየና «የገደላቸው የተነፈሱት ነገር ነው። ከዚህ በላይ የሚነግራችሁ መሣሪያ እኔ ጋ የለም» ብሎ ሄደ።

ሳጅኑ ጠርሙሱን እያየ፣ «አለቀ በቃ» አለ። «ይሄን የሚይዘው ማነው?»

የሚይዘው ረዳታቸው ነበር። ጠርተው ክፍሉን አሳዩት። መጀመሪያ ጋሼን አይቶ ግድግዳ ተደገፈ። ከዚያ ዓይኑ ከላይኛው መደርደሪያ ወደ ታችኛው ወረደ፤ ጎንበስ አለ፣ ቀና ሲል ሌላ ሰው ሆኗል። ወንፊት ይቺን ያዘች።

እትዬ፣ ሚስትየው፣ ወጥ ቤት ናቸው። ለቅሶው ገና አልወጣላቸውም፤ ንጹህ ሰሃን ደግመው ያጥባሉ።

«እነዚያ ተርቦች ጣውንቶቼ ናቸው ልጄ» አሏት። «ሰላሳ ዓመት ከጣውንት ጋር ኖርኩ። ‹ዛሬ ምን ለብሰሻል› ብሎኝ አያውቅም፤ የተርብ ክንፍ ግን መስመሩን ሳይቀር በቃሉ ይዞታል።» ሳቅ ጀመራቸውና መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተቀየረ።

«ከረዳቱ ጋር እንዴት ነበሩ?»

«ዛሬ ተጣሉ። ልጁ ሁለት አባጨጓሬ አንድ ኩባያ ውስጥ ጨመረበት። ‹ውጣልኝ!› ሲለው ሰማሁ። ያ ልጅ ከተማሪነቱ ጀምሮ እኔ ገበታ ላይ ነው ያደገው። እንዲህ ያደርጋል ብዬ…»

«ከጠቡ በኋላስ?»

«ባሌ ምሳውን በላ፤ እዚያው ክፍል ጋደም አለ። ብርድ ልብስ አለበስኩትና ጎረቤት ሄድኩ።»

«ሌላ ምንም?»

እትዬ ልጃቸውን አየት አደረጉ። «ሌላ ምንም።»

ወንፊት ስትወጣ ሁለት ነገር አየች። አንደኛው ጥግ ላይ ያለው የከሰል ማንደጃ ነው፤ ከሰሉ ግማሹ ነዶ ግማሹ ሳይነድ፣ ውሃ ተደፍቶበት በስብሷል። ሁለተኛው መተላለፊያው ገመድ ላይ የተሰጣ የእትዬ ሻርፕ ነው። ታጥቧል፣ ግን መሃሉ ላይ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር አለ፤ እጥበት አላስለቀቀውም።

ረዳቱን ጣቢያ አነጋገረችው።

«ጠርሙሱ በማን እጅ ነው?»

«በእኔ።»

«ጠቡስ የማን ጥፋት ነበር?»

«የእኔ። ጋሼ ሲቆጡኝ እንደ ልጃቸው ነው። ማታ ይታረቁኝ ነበር።»

«ከዚያ የት ሄድክ?»

«ጫካ፣ የነፍሳት ወጥመዶቹን ለመፈተሽ።»

«ማን አየህ?»

«ዝናቡ።»

«ታችኛው መደርደሪያ ጋ ጎንበስ ስትል ምን አየህ?»

ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ምን አየህ ነው የምልህ!»

«ኩባያ» አለ፤ ዓይኑ ግን ሞልቶ ነበር።

ሳጅኑ ውጭ፣ «እጁን ሰጥቷል እኮ አለቃ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት።

«ጥፋተኛ ሰው ይዋሻል፤ ንጹህ ሰው ይጮኻል» አለችው። «ይሄ ሁለቱንም አላደረገም። ይሄ የሆነ ሰው እየሸፈነ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ብቻዋን ወደ ክፍሏ ተመለሰች። አልጋው ባዶ ነው። አንዱን ኩባያ አንስታ ጆሮዋ ላይ አስጠጋች፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ድምፅ ይሰማል። ሌላ አነሳች፤ አባጨጓሬው ቅጠሉን እየቆረጠመ ነው። ሁሉም አሉ! ያ ፈሳሽ የተሠራው ነፍሳት ሊገድል ነው፤ አየሩ ሰው እስኪገድል ድረስ ቢሞላ፣ በስስ ጨርቅ የተሸፈኑት እነዚህ ቀድመው በረገፉ ነበር።

ከዚያ ጎንበስ አለች። ላይኛዎቹ መደርደሪያዎች ላይ ያሉት ተርቦች እንደ ጥጥ በተጠቀለለች ቤታቸው እንደተኙ ናቸው። ታችኛው ረድፍ፣ ጥጉ ጋ ያሉት ግን ወጥተዋል፤ ጥቃቅን ተርቦች ጨርቁን እየነኩ ይበራሉ። መብራት በጠፋበት፣ የክፍሏ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በቆመበት፣ ጥርስ በሚያንቀጫቅጭ ብርድ፣ ለምን ታችኞቹ ብቻ? ከፊታቸው ያለው ወለል ላይ ክብ ቦታ ከሌላው በልጦ ንጹህ ነበር። የሆነ ሰው ያቺን ቦታ ብቻ ጠርጓል።

ለሐኪሙ ደወለች። «የከሰል ጋዝ ተርብ ይገድላል?»

«ሰውን የሚገድለው ደሙ ውስጥ ገብቶ ነው» አላት። «ተርብ የእኛ ዓይነት ደም የለውም። ብዙም አይነካውም።»

ስልኩን ስትዘጋ ልጅቷ ከኋላዋ ቆማለች።

«እናትሽ ከሰል በውሃ ነው የምታጠፋው?» አለች ወንፊት ሳትዞር።

«አይ፣ አመድ ነው የምታለብሰው፣ ለነገ…» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

«ስለዚህ ያስገባው ሌላ፣ ያወጣው ሌላ። አንቺ ነሽ ያወጣሽው።»

ልጅቷ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እናቷ እንደነገሯት፣ ምሳ ላይ አባቷ «ብርዱ ተርቦቼን ሊገድላቸው ነው» ሲሉ ነበር። እናቷ በሰላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ለተርቦቹ አዘኑ። ከሰሉን አቀጣጥለው፣ ፍም እስኪሆን ጠብቀው፣ ጭስ ከሌለው ምንም አይልም ብለው መደርደሪያው ስር አስቀመጡት። መስኮቱን ዘጉ። ብርድ እንዳይገባ ብለው ደግሞ ከውጭ በሩ ስር ሻርፓቸውን ወተፉ።

«ሻርፑን ስቤ በሩን ስከፍተው ሙቀቱ ፊቴን መታኝ» አለች ልጅቷ። «ወዲያው ገባኝ። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ከሰሉን አወጣሁ፣ ውሃ ደፋሁበት፣ ወለሉን ጠርጌ ሻርፑን አጠብኩ። እማዬ ስትመጣ፣ አባዬ ከሰሉን ራሱ ቀደም ብሎ አውጥቶት ነበር፣ ለፖሊስ አታውሪ፣ ነገር ያወሳስባሉ አልኳት። አመነችኝ።»

«ረዳቱስ?»

«ታችኞቹን ሲያይ አወቀ። በዓይኑ ‹ዝም በይ› አለኝ።»

«ዕድሜውን እስር ቤት ሊጨርስ?»

«አላውቅም! እኔ ምን ላድርግ?» እጅጌዋን ነክሳ አለቀሰች። «እባክዎ፣ አባዬ ካወጣው በኋላ በርዶት ራሱ መልሶ አስገባው ይበሉ። እሱም ይፈታል፣ እማዬም አታውቅም። ካወቀች ትሞትብኛለች። አንድ ቀን ሁለቱንም ልጣ?»

ወንፊት ወደ በሩ ሄደች። ግን ደረጃውን ስትወርድ፣ በሥራ ዘመኗ አንድም ቀን ያልዋሸች ሴት፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። እየተለማመደች ነበር!

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ረዳቱ በካቴናው ገባ።

«ባሌን የገደለ ሰው ሶፋዬ ላይ?» ብለው እትዬ ፊታቸውን ግድግዳ ላይ አዞሩ።

«አልገደለም እትዬ» አለች ወንፊት፣ ቆማ። «ፈሳሹ ቢሆን ተርቦቹ ይሞቱ ነበር፤ አንድም አልሞተም። ሰው ገድሎ ተርብ የማይገድል ነገር የከሰል ጋዝ ነው። የት እንደነበረም ተርቦቹ ነገሩኝ። እሳቱ አጠገብ ያሉት ሞቋቸው ቀድመው ወጡ።»

ረዳቱ ራሱን ደፋ። ልጅቷ የወንፊትን አፍ አፍ ታያለች።

«ከሰሉን እርስዎ አስገቡት፤ ጋሽ ተርቤም አወጡት» አለች ወንፊት፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ። «ኋላ በረዳቸውና ራሳቸው መልሰው አስገቡት። አደጋ ነው። ጥፋተኛ የለም። ሳጅን፣ ፍታው።»

ሳጅኑ ቁልፉን ሲፈልግ እትዬ ቀስ ብለው ዞሩ።

«እሱ? ማንደጃ ተሸክሞ?» አሉ። «እሱ እኮ የትኛው ጫፉ እንደሚያቃጥል አያውቅም።» ፈገግታቸው ወጣና ፊታቸው ላይ ደረቀ። «ሻርፔን ከውጭ ነበር የወተፍኩት። ወጥቶ ቢሆን፣ ተመልሶ ከገባ በኋላ ከውጭ ማን ወተፈለት?» ልጃቸውን አዩ። «ታጥቦ ገመድ ላይ አየሁት። ለምን አጠብሽው ብዬ አልጠየቅኩሽም… ስትመጪ በሩ ስር ነበር?»

ልጅቷ ዓይኗን ወንፊት ላይ ተከለች።

እትዬ ወደ ወንፊት ዞሩ። «አንቺ ንገሪኝ ልጄ። ሻርፔ ነበር ወይስ አልነበረም?»

ሳጅኑ እንኳን ትንፋሹን ያዘ።

«ነበር፣ እትዬ» አለች ወንፊት። «እንደተወተፈ ነበር።»

እትዬ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር! እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው መዳፋቸውን አዩት፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ከዚያ ረዳቱን ጠየቁት፣

«ተርቦቹስ? ሞቋቸው ነበር?»

«ሞቋቸው ነበር፣ እትዬ» አለ፤ እንባው አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። «ታች ያሉት ሁሉም ወጥተዋል።»

«አንድ ቀን አሰብኩላቸው» አሉ። «በዕድሜዬ አንድ ቀን።»

ካቴናው ሲወልቅ ረዳቱ ወደ በሩ አልሄደም፤ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን አቀፈ፣ እሳቸውም ሳያዩት ፀጉሩን ይዳብሱት ጀመር። ልጅቷ ግን ወንፊትን እያየች፣ «እናት የለዎትም አይደል?» አለቻት። ወንፊት ኮቷን አንስታ ወጣች። መኪናው ውስጥ ሳጅኑ ሊያወራት ሞክሮ፣ ፊቷን ሲያይ ተወው።

እኔ ግን እስካሁን ንድድ እያለኝ ነው! ሰውየው እኮ ተፈቷል። እውነቱን የሚጠብቅ ዳኛ የለም፣ የሚጠብቁት እትዬ ብቻ ነበሩ። ወንፊት «አልነበረም» ብትል እኮ ያልቅ ነበር። ግን ደግሞ እሳቸው ዓይኗ ውስጥ እያዩ ነው የጠየቋት… ውይ፣ እኔ እንጃ! እናንተ ብትሆኑስ? በእሷ ቦታ ቆማችሁ፣ እኚያ ሴትዮ «ነበር ወይስ አልነበረም?» ቢሏችሁ፣ ምን ትሏቸው ነበር?